ያገለገለ ባለሞተር የብየዳ ጀነሬተር አመራረጥ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በመኸር ወቅት የመውቂያ ዘንግ ሲሰበር ወይም የተሳቢ መጎተቻ ሲላቀቅ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ያለው ገበሬ የተሰበረውን ብረት ተሸክሞ ወደ ከተማ ለመሄድ ይገደዳል። በዚህ መካከል ሁለትና ሦስት የሥራ ቀናት ይባክናሉ። ያለ ጊዜው የሚጥል ዝናብ ከመጣ ደግሞ በአውድማ ላይ ያለው ሰብል ይበላሻል። በዚህ ምክንያት ማኅበራት የራሳቸውን ባለሞተር የብየዳ ጀነሬተር ለመግዛት ያስባሉ፤ የአዲሱ ዋጋ ከባድ ስለሚሆንም ፊታቸውን ወደ አገለገለው ያዞራሉ።

አገልግሎ የሚሸጥ መሣሪያ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያለ ፈተና የተገዛ እንደሆነ የአባላት ገንዘብ በመጋዘን ጥግ ቆሞ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ወይም ሦስት መሣሪያዎች ለሽያጭ ሲቀርቡ የትኛውን መምረጥ እንደሚገባና እንዴት መፈተን እንደሚቻል እንገልጻለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። አስተማማኝ የመብራት መስመር በአቅራቢያው ካለ፣ በመብራት የሚሠራ የብየዳ መሣሪያ በዋጋም በጥገናም ስለሚቀል ባለሞተሩን መግዛት አስፈላጊ አይደለም። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚሠራ ብየዳም በያጅ ከነመሣሪያው መከራየት ይሻላል።

2. ሥራውን በቅድሚያ መወሰን

መሣሪያው ሁለት አገልግሎት ይሰጣል፤ አንደኛው ብየዳ ሲሆን ሁለተኛው ለመብራት፣ ለግራይንደርና ለመሰርሰሪያ የሚሆን ኃይል ማመንጨት ነው። ሁለቱም ከአንድ ሞተር ስለሚወጡ በአንድ ጊዜ ሙሉ አቅማቸውን ሊሰጡ አይችሉም።

ለማረሻ፣ ለጋሪ፣ ለበርና ለተሳቢ ጥገና በብዛት የሚያስፈልጉት 2.5፣ 3.2 እና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ኤሌክትሮዶች ናቸው። የሚፈልጉት የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደ ኤሌክትሮዱ ዓይነት የሚለያይ ሆኖ በግምት የሚከተለው ነው።

ሀ. ለ2.5 ሚ.ሜ.፦ ከ60 እስከ 100 አምፔር
ለ. ለ3.2 ሚ.ሜ.፦ ከ90 እስከ 140 አምፔር
ሐ. ለ4 ሚ.ሜ.፦ ከ140 እስከ 190 አምፔር

ስለዚህ 200 አምፔር የሚሰጥ መሣሪያ ለአብዛኛው የማኅበር ሥራ ይበቃል። ይሁን እንጂ በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ከአምፔሩ አጠገብ የተጻፈውን የመቶኛ ቁጥር አብሮ ማንበብ ይገባል። «200 አምፔር በ60 በመቶ» ማለት በ200 አምፔር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6 ደቂቃ ተበይዶ ለ4 ደቂቃ መሣሪያው መቀዝቀዝ አለበት ማለት ነው። ይህ ቁጥር 20 በመቶ የሆነበት መሣሪያ ለቀን ሙሉ ሥራ አይሆንም።

3. የአካባቢው ከፍታና የሞተሩ ጉልበት

ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ነው። ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ባላት በሆለታ አካባቢ የሚሠራ ሞተር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። በአዋሽ ሸለቆ በወረር ግን ጉድለቱ ከ10 በመቶ በታች ነው።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። በ150 አምፔር ሲበየድ በኤሌክትሮዱ ጫፍ 26 ቮልት ያህል ስለሚኖር 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይወጣል። በጀነሬተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲጨመር ሞተሩ ወደ 7 ኪሎ ዋት ወይም ከ9 እስከ 10 የፈረስ ጉልበት ማቅረብ ይኖርበታል። ሰሌዳው 13 የፈረስ ጉልበት የሚል ሞተር በሆለታ ከፍታ የሚሰጠው 10 ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም በ150 አምፔር እየበየደ ግራይንደር ቢጨመርበት ይታፈናል። በደጋ የሚገኙ ማኅበራት ከ18 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ያለውን ቢመርጡ ይመከራል።

4. ዙር፣ ኸርዝና ቮልት

በብዙዎች ዘንድ የሚዘነጋው ነጥብ ይህ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የመጡ መሣሪያዎች ግን 120 እና 240 ቮልት በ60 ኸርዝ የሚሰጡ ናቸው። ግራይንደርና የእጅ መሰርሰሪያ ካርቦን ያለው ሞተር ስላላቸው፣ ቮልቱ እስከተስማማ ድረስ በ60 ኸርዝ ይሠራሉ። ካርቦን የሌለው የፓምፕ ሞተር ግን በ60 ኸርዝ 20 በመቶ ፈጥኖ ይዞራል። ውኃ የሚገፋ ፓምፕ በዚህ ፍጥነት 70 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ስለሚጠይቅ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

«ዙሩን ቀንሰን 50 ኸርዝ እናደርገዋለን» የሚል ሻጭ ሊኖር ይችላል። ዙሩ ሲቀነስ ግን ቮልቱ፣ የብየዳው ኃይልና የማቀዝቀዣው ነፋስ አብረው ስለሚቀንሱ ይህን አንመክርም።

የሞተሩ ፍጥነትም ዕድሜውን ይወስናል። በደቂቃ 3000 ወይም 3600 ዙር የሚዞረው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል፣ ነዳጅም ይፈጃል። በ1500 ወይም በ1800 ዙር የሚሠራውና በውኃ የሚቀዘቅዘው የናፍጣ ሞተር ከባድና ውድ ቢሆንም ለረጅም ሰዓት ሥራ የተመቸ ነው።

5. ሳይነሣ የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው በማለዳ ቢሆን ይመረጣል። እንደ ደረሱ እጅዎን ወደ ሞተሩ ያስጠጉ። አስቀድሞ ሞቆ ከተገኘ በብርድ አልነሣ ማለቱን ለመደበቅ ሊሆን ስለሚችል እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያም የሚከተሉትን ይመልከቱ።

ሀ. የሞተሩን ዘይት። እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታ ጓርኒሲዮን ወይም ራሱ ቴስታው ተበላሽቶ ይሆናል።
ለ. ራዲያተሩን፣ ቺንጋውንና ቱቦዎቹን።
ሐ. የጀነሬተሩን ክፍል። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ካለ ጥቅል ሽቦው ተጎድቷል።
መ. ካርቦኖቹንና የሚያርፉበትን መዳብ። መዳቡ ወጥ የሆነ ቡናማ መልክ ሊኖረው ይገባል፤ የጠቆረና የተበላ ከሆነ ጥገና ይፈልጋል።
ሠ. የጥቅል ሽቦውን መከላከያ። ባለሙያ በ500 ቮልት መለኪያ ሲለካው ከ1 ሜጋ ኦም በታች መሆን የለበትም። ከመለካቱ በፊት ዳዮዶችና የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች መነቀል አለባቸው።

የሰዓት ቆጣሪው ሊቀየር ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አዲስ ቀለም ደግሞ ስንጥቅንና የዘይት ፍሳሽን ሊሸፍን ይችላል።

6. በሸክም መፈተን

ሞተር ያለ ሸክም ሲዞር ሁሉም ደህና ይመስላል። ድካሙ የሚታወቀው ሲጫንበት ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የራሱን በያጅ፣ ደረቅ ኤሌክትሮድ፣ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የወፈረ ቁራጭ ላሜራ፣ ግራይንደርና የቮልት መለኪያ ይዞ ይሂድ። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

ሀ. ሞተሩን በብርድ አስነሡ። ጥቂት ነጭ ጭስ ታይቶ ሲሞቅ ቢጠፋ ችግር የለውም። የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ማለትም የፋሻ ወይም የሲሊንደር ማለቅን ያሳያል። በሸክም ጊዜ የሚበዛ ጥቁር ጭስ የኢንጄክተር ወይም የፖምፓ ችግር፣ የአየር ማጣሪያ መዘጋት አለዚያም የአቅም ማነስ ነው።
ለ. የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። እንፋሎቱ በኃይል የሚወጣ ከሆነ ፋሻው አልቋል።
ሐ. በ3.2 ከዚያም በ4 ሚ.ሜ. ኤሌክትሮድ ለግማሽ ሰዓት በየዱ፤ በሰሌዳው የተፈቀደውን የማረፊያ ጊዜም ጠብቁ። ብየዳው ሲጀመር ዙሩ ትንሽ ወርዶ ወዲያው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወይም ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ገቨርነሩ ወይም የነዳጁ መስመር ችግር አለበት።
መ. ብየዳውን አቁማችሁ 2 ኪሎ ዋት ያህል የሚወስድ ግራይንደር ሰክታችሁ ሥሩበት፤ ቮልቱንም ለኩ። ለ220 ቮልት መሣሪያ ከ200 በታች መውረድ የለበትም።
ሠ. ካጠፋችሁት በኋላ የሞቀውን ሞተር እንደገና አስነሡ። በብርድ ተነሥቶ ሲሞቅ እምቢ የሚል ሞተርም አለ።

ፈተናው በገላጣ ቦታ ይደረግ። ከሞተር የሚወጣው ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

7. ሦስቱን ማወዳደር

ለምሳሌ በአርሲ የስንዴ ገበሬዎች ማኅበር ፊት ሦስት መሣሪያዎች ቀረቡ እንበል። አንደኛው እንደ ሚለር ቦብካት 225 ያለ፣ በ3600 ዙር የሚሠራ ባለ 60 ኸርዝ የቤንዚን መሣሪያ ነው። ሁለተኛው እንደ ሊንከን ኤስኤ-200 ያለ አሮጌና ከባድ የቤንዚን መሣሪያ ነው። ሦስተኛው በ1500 ዙር የሚሠራ፣ 50 ኸርዝ የሚሰጥ የናፍጣ መሣሪያ ሲሆን ቀለሙ የለቀቀና በዋጋ ከሁሉም የበለጠ ነው።

የመጀመሪያው ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወርና ቀለል ላለ ሥራ ይስማማል። ሁለተኛው በ1550 ዙር ረግቶ ስለሚሠራ ለብየዳ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን በመደበኛ አሠራሩ ለዕቃ የሚሰጠው ኃይል 115 ቮልት ቀጥተኛ ፍሰት (ዲሲ) በመሆኑ የአገራችንን ፓምፕ አያንቀሳቅስም። ብየዳ ብቻ ለሚሻ ግን ይጠቅማል። ብየዳም፣ ግራይንደርም፣ አነስተኛ ፓምፕም ለሚፈልግ ማኅበር ሦስተኛው ይሻላል። ይህም በቁጥር 5 እና 6 የተጠቀሱትን ፈተናዎች ካለፈ ነው። ጥቅል ሽቦው የተቃጠለ የናፍጣ መሣሪያ ጤነኛ ከሆነ የቤንዚን መሣሪያ አይበልጥም።

ዋጋ ሲወዳደር የሻጩ ዋጋ ብቻውን አይታይ። የማጓጓዣ፣ የመጀመሪያ ጥገና፣ የባትሪና የአንድ ዓመት ነዳጅ ወጪ ይደመርበት። መለዋወጫው በአቅራቢያ ከተማ የማይገኝ መሣሪያ በርካሽም ቢሆን መግዛቱ አይመከርም።

8. ማጠቃለያ

ግዢው በአንድ ሰው ብቻ እንዳይወሰን፣ ከኮሚቴው ጋር አንድ በያጅና አንድ የሞተር መካኒክ አብረው ይሂዱ። የፈተናው ውጤት፣ የመሣሪያው ተከታታይ ቁጥር፣ ቮልቱና ኸርዙ በወረቀት ሰፍረው ሻጩም ማኅበሩም ይፈርሙበት። የጉምሩክና የባለቤትነት ሰነድ ይጠየቅ፤ ክፍያውም ከፈተናው በኋላ ይፈጸም። ሻጩ በሸክም ማስፈተን ካልፈቀደ ግዢውን ትቶ ሌላ መፈለግ ይገባል። የልማት ሠራተኞች ይህን ቅደም ተከተል ለማኅበሩ ኮሚቴ አስቀድመው ቢያስረዱ የአባላቱን ገንዘብ ከብክነት ያድናሉ።