ጥቅል ፕሮቲን ብቻውን በቂ መለኪያ ነውን? በሥጋ ዶሮ መኖ አኩሪ አተርን ስለሚተኩ የፕሮቲን ምንጮች

በሥጋ ዶሮ እርባታ ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለመኖ የሚውል ሲሆን፣ ከመኖው ውስጥ በዋጋ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ የፕሮቲን ምንጭ ነው። በኢትዮጵያ አኩሪ አተር ለምግብ፣ ለዘይት ፋብሪካና ለውጭ ገበያም ስለሚፈለግ፣ የኑግና የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ እንዲሁም የነፍሳት ዕጭ በምትክነት ይታሰባሉ። ሆኖም ምትኮቹ ብዙ ጊዜ የሚነጻጸሩት በጥቅል ፕሮቲን መጠናቸው ነው። ይህ መለኪያ ብቻውን ሲወሰድ ያሳስታል።

ጥቅል ፕሮቲን የሚሰላው የመኖውን ናይትሮጂን በ6.25 በማባዛት ነው። ስሌቱ የአሚኖ አሲዶቹን ዓይነትም ሆነ በዶሮዋ አካል የሚፈጨውን መጠን አያመለክትም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ፣ የሥጋ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት 23 በመቶ ጥቅል ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን 1.10 በመቶ ላይሲንም ያስፈልጋታል።

ለአብነት፣ በ100 ኪሎ ግራም መኖ ውስጥ 45 በመቶ ፕሮቲንና 2.8 በመቶ ላይሲን ያለው 20 ኪሎ ግራም የአኩሪ አተር ፋጉሎ አለ እንበል። የሚሰጠውን 9 ኪሎ ግራም ፕሮቲን፣ 30 በመቶ ፕሮቲንና 1.2 በመቶ ላይሲን ባለው የኑግ ፋጉሎ ለመተካት 30 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ፕሮቲኑ እኩል ቢሆንም ላይሲኑ ከ0.56 ወደ 0.36 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ተጨማሪው 10 ኪሎ ግራም የበቆሎን ቦታ ስለሚሻማና የኑግ ፋጉሎ አሰር ስለሚበዛበት፣ የመኖው ኃይል ሰጪነትም ይቀንሳል። ንጹሕ ላይሲን መጨመር የመጀመሪያውን ጉድለት ይሞላል እንጂ ሁለተኛውን አያስተካክልም።

በጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ውስጥ የሚገኘው ጎሲፖል ደግሞ ዘይቱ በሙቀት ሲጨመቅ ከላይሲን ጋር ስለሚጣመር፣ የሚፈጨው ላይሲን ያንሳል። ብላክ ሶልጀር ፍላይ የተባለው ዝንብ ዕጭ ጥሩ የአሚኖ አሲድ ይዘት አለው፤ ነገር ግን በቆዳው ያለው ካይቲን ናይትሮጂን ስላለው፣ የ6.25 ማባዣ ፕሮቲኑን አጋንኖ ያሳያል። አኩሪ አተርም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ጥሬው ትሪፕሲን የተባለውን ኢንዛይም የሚገታ ንጥረ ነገር ይዟል፣ ከመጠን በላይ ሲቆላም ላይሲኑ ይጎዳል።

ስለዚህ የምትክ መኖ ሙከራዎች የሚነጻጸሩትን መኖዎች በሚፈጭ ላይሲንና በኃይል መጠን አስተካክለው ሊጀምሩ ይገባል። አለዚያ የዶሮዎቹ ዕድገት ሲቀንስ፣ መንስኤው ምትኩ ይሁን የላይሲን እጥረት ለይቶ ማወቅ አይቻልም። አርቢውም ቢሆን የሚጠቀመው የፋጉሎውን የኪሎ ዋጋ ሳይሆን፣ አንድ ኪሎ የሚፈጭ ላይሲን የሚያወጣውን ዋጋ ሲያሰላ ነው።