የውሃ ጠባይና የፋይበርግላስ ማጠራቀሚያ የውስጥ ገጽ
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በደብረ ታቦር አካባቢና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው በክረምት ወራት ነው። በበጋ ለችግኝ፣ ለወተት ዕቃ ማጠቢያ፣ ለከብትና ለመጠጥ የሚሆነውን ውሃ አጠራቅሞ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ማኅበር ከአባላቱ ገንዘብ አዋጥቶ የፋይበርግላስ ታንከር ሲገዛ ለብዙ ዓመታት እንዲያገለግለው ነው። የታንከሩ የውስጥ ገጽ ከተበላሸ ግን ንብረቱ ብቻ ሳይሆን የውሃው ንጽሕናም ይጠፋል።

የደጋው ውሃ ራሱ ፋይበርግላስን በቶሎ አይጎዳም። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው የውሃው ጠባይ ሳይታወቅ በውስጡ ከሚጨመረው መድኃኒትና ከአጠባበቡ ጉድለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስረድቶ መደረግ የሚገባውን ማመልከት ነው።

2. የፋይበርግላስ አሠራር

ፋይበርግላስ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ፖሊስተር በሚባል ሙጫ ተጣብቀው የሚሠሩት ዕቃ ነው። ብዙውን ጊዜ በውስጥ በኩል ጄልኮት የሚባል ለስላሳና አብረቅራቂ ሽፋን ይደረግበታል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ውሃውን ከክሮቹ የሚለየው ይህ ስስ ሽፋን ነው። የዋና ገንዳዎችና ጀልባዎችም በዚሁ ዘዴ ስለሚሠሩ፣ ስለ ገጹ አያያዝ ብዙ ትምህርት የተገኘው ከእነርሱ ነው።

በተለምዶ «ሮቶ» የሚባለው ታንከር ከፕላስቲክ የሚሠራ ስለሆነ ከፋይበርግላስ ጋር መምታታት የለበትም። የፋይበርግላስ ታንከር ሲሰበር ወይም ሲፋቅ የመስታወት ክሮቹ ይታያሉ።

3. የውሃ ጠባይ ማለት ምን ማለት ነው?

ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል።

ሀ. አሲዳማነት፦ የሚለካው በፒኤች ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን ይባላል። የልማት ሠራተኛው ይህን ከአፈር አሲዳማነት ሥራ ያውቀዋል። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ፒኤቹ 5.6 ገደማ ነው።

ለ. የኖራ መጠን፦ ኖራ የበዛበት ውሃ ከባድ፣ ኖራ ያነሰው ለስላሳ ይባላል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ለስላሳ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከሚነሡበት ከጉና ተራራ የሚወርደው ውሃ የሚያልፈው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ስለሆነ፣ የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር ከሚፈልቀው ውሃ ይልቅ ወደ ለስላሳነት ያደላል። እንደ ዋንዛዬ ያለ ፍል ውሃ ግን ማዕድን አሟሙቶ ስለሚወጣ ጠባዩ ለብቻው መመርመር አለበት።

ሐ. የመቋቋም ኃይል፦ ውሃው በውስጡ ባይካርቦኔት ካለው፣ አሲድ ወይም አልካሊ ሲገባበት ፒኤቹ በቶሎ አይለወጥም። የዝናብ ውሃ ይህ ኃይል የለውም። ስለዚህ ጥቂት አመድ ወይም ጥቂት አሲድ ጠባዩን በብዙ ይለውጠዋል።

አሜሪካዊው ዊልፍሬድ ላንጅሊየር በ1936 እ.ኤ.አ. እነዚህን አንድ ላይ አገናኝቶ፣ ውሃ ኖራ የሚያሟሟ ወይም ኖራ የሚጥል መሆኑን ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። ኖራ የጎደለው ውሃ እንደ ተራበ ነው፤ ካገኘው ሲሚንቶ ላይ ይወስዳል። ምንጭ ላይ የተሠራ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ውስጡ ሻክሮ አሸዋው የሚታየው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ፋይበርግላስ ኖራ ስለሌለው ከዚህ ጉዳት ነፃ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ጠላቶች አሉት።

4. በፋይበርግላስ ገጽ ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች

ሀ. መደብዘዝና ዱቄት መልበስ፦ ኃይለኛ ክሎሪን ገጹን ያነጣዋል፤ አንጸባራቂነቱንም ያጠፋል። የውሃው ፒኤች ከ8 ሲያልፍ ክሎሪን ጀርም የመግደል ኃይሉ ይቀንሳል። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ መድኃኒቱን እየጨመረ ገጹን ይጎዳል። በደጋ ኃይለኛ የሆነው የፀሐይ ጨረርም ክዳን የሌለውን ታንከር እንዲሁ ያደበዝዛል።

ለ. በአልካሊ መበላት፦ የአመድ ውሃና አዲስ የተበጠበጠ ኖራ ኃይለኛ አልካሊ ናቸው። ፖሊስተሩን ቀስ በቀስ ያፈርሱታል። ዕቃን በአመድና በአሸዋ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ ለፋይበርግላስ ግን አይስማማም። አሸዋው ይፍቀዋል፣ አመዱ ይበላዋል።

ሐ. እብጠት፦ ውሃ በጄልኮቱ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያልፋል። ከሙጫው የተረፉትን ነገሮች ሲያሟሟ ተጨማሪ ውሃ ይስባል፤ ገጹም ውሃ እንደ ቋጠረ ቆዳ ያብጣል። ለስላሳ ውሃ ጨው ካለበት ውሃ፣ ሙቅ ውሃም ከቀዝቃዛ ይልቅ ይህን ያፋጥናሉ። የደጋው ብርድ በዚህ ረገድ ይረዳል።

መ. ነጭ ቅርፊት፦ ከባድ ውሃ ሲሞቅ ወይም ፒኤቹ ሲጨምር ኖራውን በገጹ ላይ ይጥላል።

ሠ. ቀለም፦ ቡናማው ከብረት፣ ጥቁሩ ከማንጋኒዝ፣ አረንጓዴ መሳዩ ከመዳብ ወይም ከአልጌ ሊሆን ይችላል። ቡናማው ሲታይ ታንከሩን ከመፈግፈግ በፊት ቧንቧውን መመርመር ይገባል። የተራበ ውሃ የብረት ቧንቧን አዝጎ ዝገቱን ታንከሩ ውስጥ ያራግፋል።

5. በመስክ የሚደረግ ምርመራ

ሀ. የሳሙና ምርመራ፦ ሳሙና ቶሎ አረፋ ካወጣ ውሃው ለስላሳ ነው። አረፋ እምቢ ብሎ ነጭ ዝቃጭ ካበጀ ከባድ ነው።

ለ. የኖራ ምርመራ፦ የውሃውን ፒኤች በመሣሪያ መለካት። በንጹሕ ጠርሙስ ውሃውን ሞልቶ አንድ ማንኪያ የተፈጨ፣ ያልተቃጠለ የግብርና ኖራ መጨመር። አየር እንዳይቀር አድርጎ መክደን፣ ደጋግሞ መነቅነቅና እስከ ማግሥቱ ማሳደር። ከዚያ የጠለለውን ውሃ በዚያው መሣሪያ እንደገና መለካት። ፒኤቹ ከፍ ካለ ውሃው የተራበ ነው፤ ካልተለወጠ የተመጣጠነ ነው፤ ዝቅ ካለ ቅርፊት የሚጥል ነው።

ምርመራው በበጋና በክረምት ቢደረግና በማኅበሩ መዝገብ ቢጻፍ ይጠቅማል።

6. የአያያዝ መመሪያ

ሀ. ታንከሩን በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ማጠብ። አሸዋ፣ አመድና የብረት መፈግፈጊያ አለመጠቀም።

ለ. ነጭ ቅርፊት ካለ፣ በእኩል ውሃ የቀጠነ ኮምጣጤ በጨርቅ ቀብቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በብዙ ውሃ ማጠብ። የባትሪ አሲድ ፈጽሞ አይነካም። ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ ከክሎሪን ወይም ከበረኪና ጋር ቢቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል።

ሐ. የክሎሪን ዱቄትን በደረቁ ታንከር ውስጥ አለመጣል። ወለሉ ላይ ያረፈበትን ቦታ ያነጣዋል። አስቀድሞ በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ በጥብጦ፣ ካጠለለ በኋላ፣ ውሃ በሞላው ታንከር ላይ ማፍሰስ።

መ. ታንከሩን ከጀርም ለማጽዳት 70 በመቶ ክሎሪን ካለው ዱቄት 70 ግራም ለ1,000 ሊትር ውሃ ይበቃል። ይህም በሊትር 50 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። 24 ሰዓት ካሳደሩ በኋላ ውሃውን ከችግኝ፣ ከከብትና ከወንዝ አርቆ መድፋትና ታንከሩን ማለቅለቅ ይገባል። ከዚያ በኋላ ለመጠጥ በሚሆነው ውሃ ውስጥ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ቢሆን በቂ ነው።

ሠ. የፀረ ተባይ መድኃኒት በዚህ ታንከር አለመበጥበጥ።

ረ. ክዳኑን መዝጋትና ጥላ ማበጀት። ይህ ገጹን ከፀሐይ ይጠብቃል፣ አልጌንም ይከላከላል።

ሰ. በየዓመቱ ታንከሩ ሲጸዳ ገጹን በእጅ መዳሰስ። የመስታወት ክር ከታየ፣ በባለሙያ እስኪጠገን ድረስ ውሃውን ለመጠጥ አለማዋል።

7. ማሳሰቢያ

አንድ ጊዜ የተፋቀ ጄልኮት ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ማኅበሩ ታንከሩን የሚይዝ አንድ ኃላፊ ቢመድብ፣ ኃላፊውም ከመመርመሩ በፊት ምንም ነገር ውሃው ውስጥ ባይጨምር፣ የአባላቱ ገንዘብም ጤናም ይጠበቃል።