ስለ አንደበት መታሰርና በስልክ ስለሚሰጥ የንግግር ልምምድ

በቆቦ የዱቤ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ይልቅ በነጋዴው ልብ ተጽፎ ይገኛል። ነጋዴው በስትሮክ ተመትቶ አንደበቱ ቢታሰር ግን ልቡ ጠፍቷል ማለት አይደለም። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የመረመረው በሽተኛ የሚሉትን ያስተውል ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሕክምናው ልምምድ ነው፤ ባለሙያ በአቅራቢያ ባይገኝ በስልክ ቪዲዮ ከሩቅ ከተማ ሊሰጥ ይችላል። የጤፍና የማሽላ ነጋዴ የሆኑት አሠሪዬ «እሺ» ብቻ በቀራቸው ጊዜ፣ ባለሙያዋ ከአዲስ አበባ ሆነው መቁጠር አስጀመሯቸው፤ በቃል የተጠና ተራ ከሌላው ንግግር ይልቅ ብዙ ጊዜ ቀሎ ይወጣልና። ኔትዎርክ በተቋረጠ ቀን (ይህም አይታጣም) የባለዕዳዎችን ስም ጽፌ በጣት አስመረጥኳቸው። ሁለቱን ስም ራሳቸውን እየነቀነቁ ገፉብኝ፤ ሲጣራ ሁለቱም ሰዎች አስቀድመው ከፍለው ኖሯል።