ጠይም ፊትን በዘይት ቀለም መሳል

ውድ እህቴ፣ የሰው ፊት በዘይት ቀለም መሳል ለመማር ጥሩው መንገድ የአንድ ታላቅ ሰዓሊን ሥራ ቁጭ ብሎ መቅዳት ነው። ድሮም የአውሮፓ ተማሪዎች እንዲህ ነበር የሚማሩት። እኔ በእሑድ ዕረፍቴ ከአንዲት ሲስተር ጋር ስማር የመረጥኩት የኹዋን ደ ፓሬኻን ምስል ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ሥዕሉን በ1650 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮም ውስጥ የሠራው የስፔን ንጉሥ ሰዓሊ ዲዬጎ ቬላስኬዝ ነው። በዚያው ዓመት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 10ኛንም ስሏል። ፓሬኻ ግን መኳንንት አልነበረም፤ የራሱ የቬላስኬዝ ባሪያ ነበር። ሆኖም በሥዕሉ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ነጭ የዳንቴል አንገትጌ ለብሶ ዓይን ዓይንሽን ያይሻል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቬላስኬዝ የነጻነት ወረቀት ፈረመለት፤ ግን አራት ዓመት ተጨማሪ እንዲያገለግል ግዴታ ገባበት። (ኮንትራት የምናውቅ ሰዎች ይህቺ ትገባናለች።) ከዚያ በኋላ ፓሬኻ ራሱ ሰዓሊ ሆነ። በ1661 የሳለው የቅዱስ ማቴዎስ መጠራት ዛሬ ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም ይገኛል፤ በግራ ጠርዝ ላይ ስሙ ያለበትን ወረቀት ይዞ የቆመው ሰው እሱ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። የፓሬኻ ምስል ያለው ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ፎቶውን በነጻ ስለለቀቀው በስልክሽ አውርጂው። ፎቶው ላይም ሸራሽ ላይም እኩል ብዛት ያላቸው ሳጥኖች አስምሪ፤ ፊቱን ሳጥን በሳጥን አሻግሪው። ለጊዜው ልብሱን ተዪው፣ ፊቱና አንገትጌው ይበቃሻል።

ነጭ ሸራ ላይ አትጀምሪ። ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥነሽ ቀቢውና ይድረቅ። ከዚያ ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ ምስሉን እይ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራሉ። መጀመሪያ እነዚያን ሁለቱን ብቻ አስቀምጪ።

ለቆዳው አምስት ቀለም ይበቃል፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቡናማና ኦከር የሚባለው ቢጫ የአፈር ቀለም። ብዙ ሰው ጠይም ፊት ሲስል ቡናማው ላይ ነጭ ይጨምርና ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አንቺ ብርሃኑን በኦከርና በቀይ አሙቂው፤ ነጩን ግንባሩና አፍንጫው ላይ በጥቂቱ ብቻ ንኪ። ጥላውንም በጥቁር ብቻ አትሙዪው፣ ቡናማና ቀይ ይግባበት። አንገትጌውን ጠጋ ብለሽ ብታዪው ቬላስኬዝ ዳንቴሉን ክር በክር አልቆጠረም፤ ፈጠን ባሉ የብሩሽ ምቶች ነው የጨረሰው። እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው።

የታችኛው ንብርብር ቀጭን፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን፤ ካልሆነ ሥዕሉ ሲቆይ ይሰነጠቃል። ዘይቱ ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ የተልባ ዘይት ነው! ቀስ ብሎ ይደርቃል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ላላት ሰው ይህ ይመቻል፤ አንዱን እሑድ የቀባሽው ለሌላው እሑድ ይጠብቅሻል።

አንድ ነገር አደራ። በምትተኚበት ጠባብ ክፍል በአኳራጅ አትሥሪ፣ ሽታው ይጎዳሻል። ብሩሹን በሱፍ ዘይት ጠርገሽ በሳሙና ማጠብ ትችያለሽ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨባብጦ ከተቀመጠ ማንም ሳይለኩሰው ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውሃ ውስጥ ነክረሽ አቆዪው፤ የአሰሪሽ ቤት ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ደረቁን አትጣዪው።

ፓሬኻን ስትጨርሺ እነዚያኑ አምስት ቀለሞች ይዘሽ የጓደኛሽን ፊት ሳዪ። እኔ አሁን አንዲት የጎንደር ልጅ እየሳልኩ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ስትሠራ ስለምታመሽ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ስለዚህ ዓይኖቿን ወደ መጨረሻ አቆይቼዋለሁ።