ስለ ዋናና አስቀድሞ በየብስ ስለሚደረግ ልምምድ

ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳልና፥ የሚዋኝ ሰው ክንዱ ይጠነክራል፥ ትንፋሹም ይረዝማል። ዳሩ ግን ትምህርቱ የሚጀመረው በየብስ ነው። ተማሪው በአግዳሚ ወንበር ላይ በሆዱ ተኝቶ እንደ እንቁራሪት እግሩን ይሰበስባል፤ ወደ ጎንም ረግጦ ይገጥማል። እጁን ወደ ጎን ሲከፍት አየር ይስባል፤ ወደ ፊት ሲዘረጋ ያወጣል። ይህን ያልለመደ ሰው በውኃ ውስጥ ከክንዱ አስቀድሞ የሚከዳው ትንፋሹ ነው። ማቲው ዌብ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ ባሕሩን በማቋረጥ ፈረንሳይ የደረሰው በዚሁ በእንቁራሪት ዋና ነው፤ 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀበት። ክንዱንም መዳፉን በምድር ተክሎ ገላውን ዝቅና ከፍ በማድረግ ያጽና። ከዚያ በኋላ ወደ ውኃ ይግባ፤ ጥልቀቱ ከደረቱ አይለፍ፥ ዋና አዋቂም በዳር ይቁምለት። የቢልሃርዝያ በሽታ አለበት በተባለ ውኃና ክረምት በሞላው ወንዝ ግን ጉልበተኛም ቢሆን አይግባ።