የመጀመሪያው ልጅ ደህና፣ ሁለተኛው ለምን ሾተላይ?

ጥያቄ፦ ደሜ ኦ ኔጌቲቭ፣ የባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በሰላም ተገላገልኩ፤ መርፌ ግን አልተሰጠኝም። አሁን የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያው ምንም ሳይሆን ሁለተኛው ለምን ይጎዳል?

መልስ፦ በእርግዝና ወቅት የእናትና የፅንስ ደም እምብዛም አይቀላቀልም። በወሊድ ሰዓት ግን ጥቂት የሕፃኑ ደም ወደ እርስዎ ሊገባ ይችላል። ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓትዎ በቀይ የደም ሴሎቹ ላይ ያለውን አርኤች ዲ የተባለ ፕሮቲን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ይህ ሲሆን ልጁ ተወልዷል፤ አይነካውም። ሥርዓቱ ግን አይረሳም። ቀጣዩም ፅንስ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ፀረ እንግዳ አካሉ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ቀይ ሴሎቹን ያፈርሳል። ከዚያ ደም ማነስ፣ የሰውነት ማበጥ፣ ከወሊድ በኋላም ብርቱ ቢጫነት ይከተላል፤ ሲከፋ ፅንሱ ይሞታል። ሾተላይ የሚባለው ይህ ነው።

አሁኑኑ ኢንዳይሬክት ኩምብስ የተባለውን የደም ምርመራ ያድርጉ። ፀረ እንግዳ አካሉ ካልተገኘ፣ እንዳይመረት የሚከላከለውን አንቲ ዲ መርፌ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይወጋሉ፤ የሚወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ከተገኘ መርፌው አይጠቅምም፤ ፅንሱ በአልትራሳውንድ በቅርብ ይታያል፣ ካስፈለገም በማህፀን ሳለ ደም ይሰጠዋል። ይህ ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ያለ ነው።

ብዙዎች ውርጃን አይቆጥሩትም፤ እሱም ሥርዓቱን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ካጋጠመዎት ለሐኪም ይንገሩ። ደም ከታየዎት ወይም ሆድዎ ከተመታ ቀጠሮ አይጠብቁ።