ዲ.ኦ. ለመማር ላሰበ ኢትዮጵያዊ፦ የትምህርቱ ገንዘብ ከየት ይገኛል?

በአሜሪካ ሕክምና ለመማር የተዘጋጀ ወጣት ከጁላይ 1 ቀን 2026 በኋላ የሚሠራው ሒሳብ ከእሱ በፊት የተማሩት ከሠሩት ይለያል። ቀድሞ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ትምህርት ቤቱ የተመነውን ሙሉ ወጪ፣ የቤት ኪራዩንና ቀለቡን ጨምሮ፣ ይሸፍን ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘጋው። የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥቱ የሚበደረውም በዓመት ከ50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር እንዳያልፍ ተደረገ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 በፊት ተበድረው ትምህርታቸውን የጀመሩ ተማሪዎች በአሮጌው ደንብ የሚቆዩበት የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

ለውጡ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና (ዲ.ኦ.) ተማሪዎችን በተለይ ይጫናል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ኮሌጆች የግል ናቸው፣ ክፍያቸውም ከፍተኛ ነው።

ወደ ገንዘቡ ከመግባት በፊት ወላጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁትን፣ «ዲ.ኦ. ሐኪም ነው ወይ?» የሚለውን፣ መመለስ ይገባል። ዲ.ኦ. የተባለ ሐኪም በአሜሪካ ሙሉ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፣ በየትኛውም የሕክምና ዘርፍ ይሰለጥናል። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል በምትባል ከተማ ከፈተ። ከ2020 ጀምሮ የዲ.ኦ. እና የተለመደው የሕክምና ዲግሪ፣ የኤም.ዲ.፣ ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ያለው ሥልጠና) በአንድ የዕውቅና ሥርዓት ሥር ይመራል። ዛሬ በአሜሪካ ሕክምና ከሚማሩት ከሩብ በላይ የሚሆኑት በኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ ናቸው። ለንደን ያለ ዘመድ «ኦስቲዮፓት እኮ ሐኪም አይደለም» ቢል አልተሳሳተም፤ በብሪታንያ ኦስቲዮፓት ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው፣ ትምህርቱም ሌላ ነው። እዚህ የሚነገረው ሁሉ የአሜሪካውን የሚመለከት ነው።

አሁን ሒሳቡ። የትምህርት ክፍያው 65,000 ዶላር፣ ኑሮው 30,000 ዶላር የሚፈጅ የግል ኮሌጅ እንውሰድ። በዓመት 95,000 ዶላር ይሆናል። ፌዴራሉ 50,000 ቢያበድር 45,000 ይጎድላል፤ በአራት ዓመት 180,000 ዶላር ማለት ነው። ይህን ጉድለት በግል ባንክ ብድር መሙላት ይቻላል፣ ግን ባንኩ ክሬዲት ያያል፣ ብዙ ጊዜም ዋስ ይጠይቃል። የግል ብድር ክፍያው እንደ ደመወዝ መጠን ዝቅ አይልም፤ ለሕዝብ አገልግሎት ተብሎም አይሰረዝም። ስለዚህ «መጀመሪያ ይቀበሉኝ፣ ገንዘቡ በኋላ ይታሰብበታል» የሚለው የቀድሞ አካሄድ አሁን አደገኛ ነው። የገንዘቡ ጉዳይ በዋናነት የሚወሰነው ማመልከቻ የሚላክባቸው ትምህርት ቤቶች ሲመረጡ ነው።

በዚህ በኩል ትልቁ የገንዘብ ድጋፍ ስኮላርሺፕ የሚል ስም የለውም፤ የስቴት ነዋሪነት ነው። ጥቂት ስቴቶች የመንግሥት የኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ አላቸው፤ ቴክሳስ፣ ኦሃዮ፣ ሚሺጋን፣ ኦክላሆማ፣ ዌስት ቨርጂኒያና ኒው ጀርሲ ይገኙበታል። ዳላስና አካባቢው ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የፎርት ወርዙ የቴክሳስ ኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ኮሌጅ ቅርቡ ነው፤ ለስቴቱ ነዋሪ የሚያስከፍለው በአገሪቱ ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ማመልከቻው አኮማስ በሚባለው የብዙዎቹ ዲ.ኦ. ኮሌጆች የጋራ መስመር ሳይሆን በቴክሳስ በራሷ ሥርዓት ይላካል። ይህን ሳያውቁ ቀኑ ያለፈባቸው ልጆች ያሳዝናሉ። ከሌላ ስቴት ለሚመጣም የቴክሳስ ሕግ አንድ በር ትቷል፤ በውድድር የተገኘ ቢያንስ የ1,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ከዩኒቨርሲቲው ያገኘ ተማሪ እንደ ነዋሪ እንዲከፍል ሊፈቀድለት ይችላል። የአንድ ሺህ ዶላር ሽልማት በዚህ መንገድ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ኦሃዮ ውስጥ ደግሞ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ሄሪቴጅ ኮሌጅ ከአቴንስ ሌላ ደብሊንና ክሊቭላንድ ላይ ካምፓስ አለው፤ ደብሊን ለኮለምበስ ነዋሪዎች ደጃፍ ናት።

የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በብዛት ባለባቸው ሌሎች ከተሞች አቅራቢያ ያሉት በአብዛኛው የግል ናቸው። ለዴንቨርና ለኦሮራ ፓርከር ያለው ሮኪ ቪስታ፣ ለላስ ቬጋስ ሄንደርሰን ያለው ቱሮ ኔቫዳ፣ ለአትላንታ ሱዋኒ ያለው የፒኮም ጆርጂያ ካምፓስ ይቀርባሉ። ሜሪላንድ የመጀመሪያዋን የኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ፣ ሃገርስታውን ያለውን ሜሪተስን፣ በ2025 ከፍታለች። ከወላጅ ቤት እየተመላለሱ መማር በዓመት የቤት ኪራዩን ያስቀራል፤ በ50,000 ዶላሩ ጣሪያ ሥር ለሚማር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከግሎቹ መካከል ክፍያውን ዝቅ አድርጎ የሚታወቀው ፔንሲልቬንያ የተመሠረተው ሌኮም ነው። ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የቆረጡ ተማሪዎች በሦስት ዓመት የሚጨርሱበት መርሐ ግብርም አለው፤ የአንድ ዓመት ክፍያና ኑሮ ይቀራል ማለት ነው።

የፌዴራል ገንዘብ ሁሉ የሚጀምረው ፋፍሳ ከሚባለው ቅጽ ነው። ቅጹ በነፃ ይሞላል፤ «እኔ ልሙላልህ» ብሎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው መራቅ ነው። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ እንዲሁም በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ብቁ ነው። በጊዜያዊ ጥበቃ (ቲ.ፒ.ኤስ.) ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ አያገኝም። የግል ባንክም በአብዛኛው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ዋስ ይጠይቀዋል። አንዳንድ ኮሌጆች የውጭ አገር ተማሪ ክፍያውን አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ያዝዛሉ።

ብዙ ኢትዮጵያውያንን የሚያዘገየው የስምና የልደት ቀን አለመመሳሰል ነው። ፋፍሳ ላይ የሚጻፈው ስም ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ካለው ጋር በፊደል መግጠም አለበት። ከኢትዮጵያ የመጣው የትምህርት ማስረጃ ላይ የአያት ስም ኖሮ ካርዱ ላይ ከሌለ፣ የልደት ቀኑም በአንዱ ወረቀት በእኛ፣ በሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከማመልከቻው ዓመት በፊት ይስተካከል። እናት፣ አባትና ልጅ የመጨረሻ ስማቸው የተለያየ መሆኑም ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮው እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ በአንድ አንቀጽ ማብራሪያ ጽፎ ማያያዝ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

የሕክምና ተማሪ በፋፍሳ ራሱን እንደቻለ ስለሚቆጠር የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ የሚቀርባቸው ነገር እንዳለ አያውቁም። በፌዴራሉ የጤና ሀብት አስተዳደር በኩል ለኮሌጆች የሚደርስ ገንዘብ አለ። አንዱ ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ተማሪዎች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው። ሌላው ወለዱ 5 በመቶ የሆነ፣ በትምህርት ጊዜም ወለድ የማይቆጥር የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ብድር ነው። ለእነዚህ በአብዛኛው የወላጅ ገቢ መቅረብ አለበት። ወላጆቹ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያሉ ከሆነ ገቢያቸው ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይጻፋል። ብር ከጁላይ 2024 ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የመምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በዶላር ሲታይ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ይህም ለልጁ ብቁነት ይረዳል። የመሥሪያ ቤት የደመወዝ ማስረጃ አስተርጉሞ መያዝ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሚከፋፈለው በኮሌጁ በኩል ስለሆነና ሁሉም ኮሌጅ ስለሌለው፣ ከመመዝገብ በፊት ቢሮውን በቀጥታ መጠየቅ ነው።

ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑት የአገልግሎት ውል ያለባቸው ስኮላርሺፖች ናቸው። የብሔራዊ የጤና አገልግሎት ኮር ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያን ከፍሎ ወርሃዊ ድጎማ ይሰጣል፤ ዲ.ኦ. ተማሪዎችን ከኤም.ዲ. እኩል ያወዳድራል። በምላሹ ተማሪው ሬዚደንሲውን ሲጨርስ ሐኪም በሚያንስበት አካባቢ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ አራቱንም ዓመት የተደገፈ ደግሞ አራት ዓመት ያገለግላል። ዘርፉ የቤተሰብ ሕክምና፣ የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት፣ የማህፀንና ጽንስ ወይም የአእምሮ ሕክምና መሆን አለበት። ይህን ዕድል ሳያመልክቱበት ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ወለድ ያለበት ብድር ከእምነቱ ጋር ለማይስማማ ሙስሊም ተማሪማ መጀመሪያ የሚንኳኳው በር ይህ ነው።

ውሉ ግን ተነቦ ይፈረም። በሦስተኛው ዓመት ልቡ ወደ ቀዶ ሕክምና የሄደና ውሉን ያፈረሰ ሰው የተከፈለለትን ሦስት እጥፍ ከነወለዱ ይጠየቃል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ የቤተሰብ ሐኪም እሆናለሁ ያለ ሁሉ ያው ሆኖ አይገኝም፤ ስለዚህ ክሊኒክ ውስጥ በቂ ጊዜ ሳያሳልፉ መፈረም አይመከርም። እስከ መጨረሻው ዓመት የሚጠብቅ ተማሪም ሌላ መርሐ ግብር አለው፤ ዘርፉ ከተለየ በኋላ ሦስት ዓመት ለማገልገል ተስማምቶ ዕዳውን የሚያቃልልበት ነው።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት፣ ባሕር ኃይልና አየር ኃይልም ሙሉ ክፍያ፣ በወር ከ2,000 ዶላር በላይ ድጎማና እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ የመግቢያ ጉርሻ ይሰጣሉ። የአራት ዓመት ድጋፍ አራት ዓመት የመኮንንነት አገልግሎት ያስከትላል፣ ሬዚደንሲውም በዚያ ውስጥ አይቆጠርም። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም የራሱ የሐኪሞች ስኮላርሺፕ አለው። የጤና አገልግሎት ኮሩ፣ የጦሩና የዚህ መሥሪያ ቤት ስኮላርሺፖች ሦስቱም ዜግነት ይጠይቃሉ። በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርድ ካገኘ አምስት ዓመት ሲሞላው ዜግነት መጠየቅ ይችላል፤ ማመልከቻውን 90 ቀን ቀድሞ ማስገባትም ይፈቀዳል። ኮሌጅ ሲገባ የመጣ ልጅ ግን በቀጥታ ወደ ሕክምና ከገባ ዜጋ ሊሆን የሚችለው ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ውሳኔው ለአንዳንዱ ከባድ ነው፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ግን የተወሰኑ መብቶችን ያስጠብቃል።

ከውል ነፃ የሆኑት ስኮላርሺፖች መጠናቸው ያንሳል፣ አንዱ ግን ይለያል። የፖልና ዴይዚ ሶሮስ ፌሎሺፕ ለስደተኞችና ለስደተኞች ልጆች ብቻ የተቋቋመ ሲሆን በሁለት ዓመት እስከ 90,000 ዶላር ይሰጣል። አመልካቹ ከ30 ዓመት መብለጥ የለበትም። በየዓመቱ የሚመረጡት 30 ሰዎች ብቻ ቢሆኑም፣ ከቤተሰቡ ጋር ተሰድዶ የመጣ ልጅ ታሪኩ ራሱ የውድድሩ አካል ነው። የአሜሪካ ኦስቲዮፓቲክ ፋውንዴሽንም ለዲ.ኦ. ተማሪዎች ብቻ የሚሰጣቸው ሽልማቶችና ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ድጋፍ አለው። አንዱ ሽልማቱ በዶክተር ዊሊያም አንደርሰን ስም የተሰየመ ነው፤ በጆርጂያ የአልባኒ የሲቪል መብት እንቅስቃሴን የመሩ፣ ኋላም የአሜሪካ ኦስቲዮፓቲክ ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት የሆኑ ሐኪም ናቸው።

በኢትዮጵያ ሐኪም ሆነው ሠርተው አሜሪካ ውስጥ ሌላ ሥራ ላይ ለተቀመጡም የተለየ መንገድ አለ። የኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ በውጭ አገር ተመርቀው ለተሰደዱ ሐኪሞች የአራት ዓመት የዲ.ኦ. መርሐ ግብር ዘርግቷል። ነገር ግን የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎቹን አልፎ በቀጥታ ሬዚደንሲ ማግኘት የሚቻል ከሆነ የሬዚደንሲው መንገድ በብዙ ይረክሳል። አራት ዓመት እንደገና መበደር ተገቢ የሚሆነው ያኛው በር ተሞክሮ ሲዘጋ ነው።

ከመግቢያው በፊትም ገንዘብ ይወጣል። ኤምካት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ክፍያ የሚቀንስና የመለማመጃ መጽሐፍ በነፃ የሚሰጥ ድጋፍ አለ፤ ለፈተናው ከተመዘገቡና ከከፈሉ በኋላ ቢጠየቅ ግን ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም። አኮማስም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አመልካቾች የማመልከቻ ክፍያ ነፃ ያደርጋል፣ ኮታው ሳያልቅ መቅደም ነው። ኮሌጁ ሲቀበል የሚጠይቀውን የቦታ መያዣ ግን ብድር አይከፍለውም፤ ብድሩ የሚለቀቀው ትምህርት ሲጀመር ነው።

ሌላ በቅጹ ላይ ቦታ የሌለው ወጪ አለ፤ ለቤተሰብ የሚላከው። የኮሌጁ የወጪ ግምት ውስጥ ኪራይ፣ ቀለብ፣ መጓጓዣ፣ የልጆች መዋያ ሳይቀር ይካተታል፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ግን አይካተትም። ከብድር ላይ ቀንሶ መላክ የሚጀምር ተማሪ በወለድ እየተበደረ መላኩ ነው። ለቤተሰቡ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት ቁጭ ብሎ፣ የሚችለውንና የማይችለውን በግልጽ መናገር ይሻላል።

ከምረቃ በኋላ ያለውን መንገድም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ለትርፍ ባልቆመ ወይም በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም 120 ወርሃዊ ክፍያ ሲሞላ የቀረው የፌዴራል ዕዳው ይሰረዝለታል፤ በእንዲህ ያለ ሆስፒታል የሚከፈለው የሬዚደንሲ ዘመንም ይቆጠራል። አዲስ ተበዳሪዎች የሚገቡበት የክፍያ ዕቅድ እንደ ገቢው ከ1 እስከ 10 በመቶ የሚያስከፍል ነው፤ ለዚህ ስረዛም ይቆጠራል። የአሠሪ ማረጋገጫ ቅጹን በየዓመቱ መላክ ያስፈልጋል።

በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት ክፍተት ይመጣል። የሬዚደንሲ ምደባው በማርች ይታወቃል፣ ምረቃው ሜይ ላይ ነው፣ ሥራው በአብዛኛው ጁላይ 1 ይጀምራል። ወደ አዲሱ ከተማ የመዛወሪያና የአዲስ ቤት ማስያዣ ወጪ በፌዴራል የትምህርት ብድር አይሸፈንም፤ የመጀመሪያው ደመወዝም ጁላይ አጋማሽ ሳይደርስ አይገባም። ዕቁብ ላለው ቤተሰብ ዕጣው በኤፕሪል ወይም በሜይ እንዲወጣ ከወዲሁ ከሰብሳቢው ጋር መነጋገር ይህን ጊዜ በክሬዲት ካርድ ከመሻገር ያድናል።